ሰልፉን ብቻ አትቁጠሩ፦ ለጎንደር ከተማ የትራንስፖርት ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ከአዘዞ ፒያሳ የምመላለስ ሰው ነኝ። ስታቲስቲክስም ተምሬአለሁ። ይህን ያጻፉኝ ሁለቱ ናቸው። ጉዳዬ አዲስ የአውቶቡስ መስመር ስታቅዱ ስንት ሰው እንደሚሳፈርበት የምትገምቱበት መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ «አውቶቡስ ቢመጣ ትሳፈራላችሁ?» ተብለን ተጠየቅን። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ዝናብ ከጣለ ወይም ከረፈደብኝ ባጃጅ ውስጥ ነው የምገኘው። እጅ ማውጣት እንደሆነ ሂሳብ አያስከፍልም።

ተሳፋሪን አብዝቶ መገመት ፈረንጅንም አጋጥሞታል። በሳንፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የሚባለው የከተማ ባቡር በ1972 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት የወጣው ይፋዊ ትንበያ 15 በመቶው ተጓዥ ይሳፈርበታል ይል ነበር። ዳንኤል ማክፋደን የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር ግን ከባልደረቦቹ ጋር ሌላ መንገድ ያዘ። ሰዎች ወደ ሥራ በምን እንደሚሄዱ ጠየቁ። እያንዳንዱ አማራጭ ስንት ደቂቃና ስንት ገንዘብ እንደሚፈጅም መዘገቡ። ስሌታቸው 6.3 በመቶ አለ። በተግባር የታየው 6.2 ሆነ! ማክፋደን በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

የእነ ማክፋደን ቀመር (ሞዴል ይሉታል) ያስፈራ ይሆናል፤ ሐሳቡ ግን ሁላችንም በየጠዋቱ የምናደርገው ነው። ሚኒባሱ ይረክሳል፤ ግን እስኪሞላ ይጠበቃል። ባጃጁ ደጅ ያደርሳል፤ ኮንትራት ከሆነ ግን ኪስ ያራቁታል። በእግር መሄድ ነፃ ነው፤ የጎንደር ዳገት ግን ጉልበት ይጠይቃል። ሞዴሉ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ላለመጠበቅ ስንት ብር እንደሚከፍል ከምርጫው ያወጣል። የተማሪውና የነጋዴዋ መልስ አንድ አይሆንም። ቅዳሜ ከገበያ ዕቃ ተሸክማ የምትመለስ እናት ደግሞ የራሷ ሂሳብ አላት።

ፌርማታ ላይ የተሳፋሪ ሰልፍ መቁጠር የማይበቃው ለዚህ ነው። ሰልፉ ላይ የምናየው መጠበቅ የቻለውን ነው። ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሄደው፣ ጭራሽ ከቤት ያልወጣው የለበትም።

አንድ ወጥመድም አለ። ግማሹ ሰው በባጃጅ፣ ግማሹ በቀይ አውቶቡስ ይሄዳል እንበል። ከዚያ በዚያው ዋጋና በዚያው መስመር ሰማያዊ አውቶቡስ ጨመራችሁ። የዚህ ሞዴል ቀላሉ ዓይነት ለሦስቱም እኩል ሲሶ ይሰጣል። ታዲያ ለቀለም ብሎ ከባጃጅ የሚወርድ ማን አለ? ሁለቱ አውቶቡሶች የራሳቸውን ግማሽ ይካፈላሉ እንጂ። ስለዚህ ስሌቱን የሚሠራው ሰው የሚመሳሰሉ አማራጮችን አንድ ላይ የሚያይ ሞዴል ይጠቀም።

የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። አዲስ መስመር ከመክፈታችሁ በፊት «ትፈልጋላችሁ ወይ?» አትበሉን። ትናንት በምን እንደሄድን፣ ስንት እንደከፈልንና ስንት ደቂቃ እንደቆምን ጠይቁን። ገና ላልመጣው አውቶቡስ ደግሞ ዋጋውንና የሚያስጠብቀውን ደቂቃ ጽፋችሁ ከባጃጁ ጋር አስመርጡን። ክረምትና በጋ ለየብቻ ይጠኑ። የጥምቀትን ሰሞን ግን አደራ፣ ከተራው ቀን ጋር አትቀላቅሉት፤ ያን ጊዜ ከተማው ሌላ ከተማ ነው። ለስሌቱ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ትምህርት ክፍል አለው።

መጠይቁ ሲዘጋጅ ከእኔ ጀምሩ። ትናንት በባጃጅ ነው የሄድኩት።

ከአክብሮት ጋር
የአዘዞ ነዋሪ