«ነፃ ሮባክስ» የሚሉ ቪዲዮዎች የልጆችን አካውንት እንዴት እንደሚወስዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ትምህርት ቤት ሲዘጋ «የሮብሎክስ አካውንቴ ተወሰደብኝ» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አይጠፋም። ሮብሎክስ ልጆች በኢንተርኔት ብዙ ዓይነት ጌም አብረው የሚጫወቱበት መድረክ ነው። ወላጅም «ጌም አይደል እንዴ? ሌላ ክፈት» ይለዋል። በኮምፒውተርና በሞባይል ጥገና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን መልስ ደግመን ደጋግመን ስለምንሰማ፣ ልጁ ምን እንደጠፋበትና እንዴት እንደጠፋበት በጋዜጣችሁ በኩል ለወላጆች ማስረዳት ፈልገናል።

አንዲት ልጅ አቫታሯን፣ ማለትም በጨዋታው ውስጥ እሷን የሚወክለውን ምስል፣ የሐበሻ ቀሚስ ማልበስ ስትፈልግ ስፋቱ 585፣ ቁመቱ 559 ፒክስል የሆነ ባዶ ምስል ከፍታ ትጀምራለች። በዚያ ውስጥ የደረቱ የፊት ክፍል 128 በ128 ብቻ ነው። ጥለቱን በዚያች ጠባብ ቦታ ነጥብ በነጥብ ትሞላለች። 64 በ128 የሆነው የጎኑ ክፍል ከፊተኛው ጋር ካልገጠመላት ጥለቱ ብብት ሥር ይቆረጥና ቀሚሱ የተቀደደ ይመስላል። ከወገብ በታች ያለው ደግሞ በሱሪው ፋይል ላይ ለብቻው ይሣላል። ሮብሎክስ ውስጥ ባለው አዶፕት ሚ በሚባለው የእንስሳት ማሳደግ ጨዋታ ሜጋ ኒዮን የሚሉትን አንድ የሚያበራ እንስሳ ለማግኘት ዓይነታቸው አንድ የሆነ 16 እንስሳት ማሳደግ ይጠይቃል። አራት አራት እየሆኑ አራት ኒዮን ይሆናሉ፤ አራቱ ኒዮኖች እንደገና አድገው ነው አንድ ሜጋ የሚወጣቸው። እያንዳንዱ እንስሳ ስድስት የዕድገት ደረጃ አለው፤ የሚያድገውም ሲያበሉት፣ ሲያጠጡትና ሲያስተኙት ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስት ልጅም አዲስ አበባ ያለውን ዘመዷን እዚያ ውስጥ የምታገኘው በዚያው ስምና በዚያው መልክ ነው። አካውንቱን የወሰደ ሌባ ይህን ሁሉ ለብሶ ይቆምና «እንስሳሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ» ብሎ ይጽፍላታል። እሷም የገዛ ዘመዷ ስለመሰላት ትሰጠዋለች።

የሌባው ዋና መግቢያ በቲክቶክና በዩቲዩብ የሚዘዋወሩት አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። የሮብሎክስ መገበያያ ገንዘብ የሆነው ሮባክስ በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ ወይም በስጦታ ካርድ ስለሚገዛ፣ እዚህ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ እስኪልክለት ይጠብቃል። «ነፃ» የሚለው ቃል እዚህ የሚበረታውም ለዚህ ይመስለናል። ቪዲዮው ላይ አንድ ልጅ የተጠቃሚ ስሙን ይጽፋል፣ ቁጥር ይሮጣል፣ የሮባክሱ ሂሳብ ከባዶ ተነሥቶ ሚሊዮን ይገባል። ቪዲዮው ወደሚመራበት ድረ ገጽ የሄደ ልጅ ግን መጨረሻ ላይ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ» ይባልና ሁለት ሦስት አፕ እንዲጭን ወይም መጠይቅ እንዲሞላ ይታዘዛል። የገጹ ባለቤት ገንዘቡን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሮባክሱ አይመጣም፤ ሂሳቡ የተቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ በመሆኑ ከውጭ ሆኖ ሊጨምረው የሚችል ገጽ የለም።

ይህን ለልጅ በቃል ከመንገር ማሳየት ይሻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮምፒውተር ላይ የሮብሎክስን ድረ ገጽ ክፈቱ። የሮባክሱ ቁጥር ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ኢንስፔክት» የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ያንኑ ቁጥር ሁለቴ ነክታችሁ 1,000,000 ብላችሁ ጻፉበት። ልጁ ሚሊዮን ሮባክስ ያያል። ከዚያ ኤፍ 5ን ተጫኑ፤ ገጹ ሲታደስ የድሮው ቁጥር ይመለሳል። ቪዲዮዎቹ የሚቀረጹት ከማደሱ በፊት ነው።

እዚያው ሳጥን ውስጥ ግን የአካውንቱ ቁልፍም አለ፤ ካሳያችሁት በኋላ ዝጉት። አንድ ሰው ፓስወርዱን አስገብቶ ሲገባ ሮብሎክስ ለብሮውዘሩ (ድረ ገጽ ለሚከፍተው ፕሮግራም) ኩኪ የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጠዋል። መሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያ ተይዞ እንደሚሰጠው የእንግዳ ባጅ ነው፤ ባጁን ያንጠለጠለን ሰው ውስጥ ማንም መታወቂያ አይጠይቀውም። «የፈለግኸውን ልብስ በነፃ ቅዳ» የሚሉት ቪዲዮዎች ልጁን ደረጃ በደረጃ እየመሩ ከዚያ ሳጥን አንድ ረጅም ጽሑፍ እንዲገለብጥና ሌላ ገጽ ላይ እንዲለጥፍ ያደርጉታል። በዚያ ጽሑፍ መሐል ኩኪው አለ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ማስፈንጠሪያ ወደ ቡክማርክ መስመር ጎትቶ እንዲጫነው ይነግሩታል፤ ውጤቱ ያው ነው። ፓስወርድ ስላልተጠየቀ ልጁ ምንም ነገር አሳልፎ የሰጠ አይመስለውም። ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም እዚህ ላይ አያድንም፤ ኩኪው የሚሰጠው ሁለቱም ደረጃ ካለፈ በኋላ ነውና።

በስልክ ብቻ የሚጫወቱትን ልጆች የሚያጠቁት በሌላ መንገድ ነው። ሮብሎክስ በአዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቶሎ ለመግባት ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ያወጣል፤ ኮዱን ቀድሞ በገባው ስልክ ላይ ሲያስገቡት አዲሱ ይከፈታል። ሌባው ይህን ኮድ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያወጣና «የሽልማት ኮድ ነው፣ እዚህ አስገባው» ብሎ ለልጁ ይልከዋል። ልጁ ሲያስገባው አካውንቱን በገዛ እጁ ለሌባው ይከፍትለታል።

ከሁሉም የከፋው «አንቲቫይረስህን አጥፋና ይህን ጫን» የሚለው ነው። የጨዋታ ማጭበርበሪያ ተብሎ የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊዜ ብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡትን ፓስወርዶችና ኩኪዎች በሙሉ፣ የቴሌግራም ዴስክቶፕንም መግቢያ ጭምር ጠራርጎ ይልካል። የተጫነው በአባትየው የሥራ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ጉዳዩ የጌም መሆኑ ቀርቷል።

አካውንቱ ከተወሰደ የምትሠሩበት ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው እዚያው በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ፓስወርድ ይቀይራል፤ አዲሱም ወዲያው ይሄዳል። በሌላ ንጹህ ስልክ ጀምሩ። መጀመሪያ ኢሜይሉን አስተካክሉ። እኛ ዘንድ ብዙ ኢሜይል የተከፈተው ሞባይል ቤት ውስጥ፣ ፓስወርዱን ሻጩ መርጦ ነው፤ የማስመለሻ ስልክ ቁጥሩም የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ ሳይስተካከል የሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የሮብሎክሱን ፓስወርድ ቀይሩ፤ በሴቲንግስ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቱና ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ የሚያስወጣውን ቁልፍ ተጫኑ። ባጁ የሚነጠቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን የመግቢያ ኮድ በሚያወጣ ኦተንቲኬተር አፕ አብሩና የመጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። የተበከለውን ኮምፒውተር ሳያጸዱ ወደ አካውንቱ አይገባም።

የተወሰደ ሮባክስና ልብስ እንዲመለስ ለኩባንያው መጻፍ የሚቻለው አካውንቱ በተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የግዢ ደረሰኝ፣ የስጦታ ካርዱ ኮድና አካውንቱ መጀመሪያ የተከፈተበት ኢሜይል ጠቃሚ ማስረጃዎች ናቸው፤ ውጭ ያለው ዘመድ የላከውን ካርድ ፎቶ አትጣሉ። አዶፕት ሚ ውስጥ ያሉ እንስሳት ግን በጨዋታው ሠሪዎች እጅ ስለሆኑ ከሮብሎክስ ጋር የሚደረገው መጻጻፍ አያስመልሳቸውም። ይህን ለልጁ ቀድሞ መንገር ይገባል።

ጓደኞቹንና ዘመዶቹን በስልክ ደውላችሁ አስጠንቅቁ። በዚያውም በትልቁ የሚታየውን መጠሪያ ስም ማንም ሊኮርጀው እንደሚችል፣ ከአንድ ሰው በቀር ሌላ ሊይዘው የማይችለው ከ«አት» (@) ምልክቱ ቀጥሎ ያለው የተጠቃሚ ስም እንደሆነ ንገሯቸው። የታዋቂ ዩቲዩበርን ስምና ልብስ ቀድቶ «ስጦታ ልሰጥህ» የሚለውንም የሚለዩት በዚያ ነው።

የሮብሎክስ ኩኪ በእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ነው የሚጀምረው። እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅ ተራ ኮድ መስሎት ይገለብጠዋል። ስለዚህ ጋዜጣው በቴክኖሎጂ ዓምዱ ላይ መልእክቱን በጉልህ ፊደል በአማርኛ እንዲያትምልን እንጠይቃለን፦ «ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ለማንም አታጋራ። ካጋራኸው ሌላ ሰው አንተን ሆኖ ይገባል፤ ሮባክስህንና ዕቃዎችህንም ይሰርቃል።»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ