ለአራት ሴቶች እናት

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? እኛ እዚህ ሐዋሳ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአዳማ ሙቀት በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳቤ እዚያው ነው።

ባለፈው በስልክ የጠየቅሽኝን እዚያው በስልክ መመለስ አልቻልኩም። «ሴትና ወንድ ተፈጥሮ አይደለም እያልሽ ነው እንዴ የምታስተምሪው?» አልሽኝ። ማን እንዲህ እንዳለሽ ገምቻለሁ፤ ይሁን። እማዬ፣ ተፈጥሮማ ነው። ባዮሎጂ እያስተማርኩ ይህን ብክድ እንጀራዬን መካድ ነው። ተማሪዎቼን የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ ስለ ሴትና ወንድ ከምናወራው ውስጥ ተፈጥሮው የቱ ነው? እኛ የጨመርንበትስ የቱ ነው? ይህን አጥብቀው የጠየቁት ለሴቶች እኩልነት የሚሟገቱት ፌሚኒስቶች ናቸው። ሩቅ አገር መሄድም አያስፈልግም፤ የአንቺው ታሪክ ይበቃል።

አራተኛዋ እህታችን የተወለደች ሰሞን የአባዬ ዘመዶች ገንፎ እየበሉ «የእሷ ሆድ ወንድ አያውቅም» ሲሉ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሰምቻቸዋለሁ። አንቺ ምንም አልመለስሽም። ጋቢሽን ወደ ፊትሽ ሳብ አድርገሽ ሕፃኗን ማጥባት ቀጠልሽ።

እንግዲህ ሳይንሱን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 1905 ኔቲ ስቲቨንስ የምትባል አሜሪካዊት የዱቄት ትል ሴሎችን በማይክሮስኮፕ ታጠና ነበር። ሴቷ ትል 20 ትልልቅ ክሮሞዞሞች፣ ማለትም ዘር የሚተላለፍባቸው ክሮች፣ አሏት። ወንዱ 19 ትልልቅና አንዲት ትንሽዬ አለችው። ያቺ ትንሽዬ ዛሬ ዋይ የምንላት ናት፤ ትልቋ ጥንዷ ደግሞ ኤክስ ትባላለች። በሰውም እንዲሁ ነው። እናት የምትሰጠው ኤክስ ነው፤ ኤክስ ወይም ዋይ ይዞ የሚመጣው የአባት ዘር ነው። የአንቺ ሆድ የሚመርጠው ነገር አልነበረም። አባዬም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልመረጠም፤ የትኛው ዘር ቀድሞ እንደሚደርስ ማንም አያዝም።

ይህን ለእነዚያ ሰዎች ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብቻውን አይበቃም፣ እማዬ። ጥፋቱን ከአንቺ አንስተን አባዬ ላይ ብንጥለው ሴት መውለድ ያው ጥፋት ሆኖ ይቀራል። ባዮሎጂ «ከማን መጣ?» ለሚለው መልስ አለው። ሴት ስትወለድ ጥፋተኛ የሚፈለገው ለምንድን ነው የሚለውን ግን ማይክሮስኮፕ አያሳይም። እሱን የጠየቁልን ስለ ሴቶች ኑሮ ያሰቡና የጻፉ ሴቶች ናቸው።

ጥያቄያቸው ደግሞ ሳይንሱም ውስጥ ገብቷል። ይህን ስጽፍልሽ ልቤ ሞቅ ይለዋል። ጽንስ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ግድም ወደ ወንድም ወደ ሴትም ሊሄድ የሚችል መነሻ ይዞ ይቆያል። ከዚያ ዋይ ላይ ያለ ኤስአርዋይ የሚባል ጂን፣ ማለትም የዘር ትዕዛዝ፣ የወንድ ፍሬ እንዲሠራ ያዛል፤ ይህ ጂን የታወቀው በ1990 ነው። መጻሕፍቱ ታዲያ ሲተርኩት ወንዱ ይሠራል፣ ሴቷ ግን ትዕዛዝ ሲቀር እንዲያው ትሆናለች ይሉ ነበር። ሴትነት ከመጉደል የመጣ ይመስል! በ1986 ኢቫ አይከርና ሊንዳ ዋሽበርን የተባሉ የዘረመል ተመራማሪዎች ይህን ተቃወሙ። የሴቷ እንቁላል ማምረቻም በጂኖች ትዕዛዝ የሚሠራ ነው ብለው ጻፉ። ፌሚኒስቷ ባዮሎጂስት አን ፋውስቶ-ስተርሊንግም በዚሁ ሞገተች። በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች ያደጉ ሴት አይጦች እንቁላል ማምረቻ ውስጥ ፎክስኤል2 የተባለውን ጂን ሲያጠፉ፣ ሴሎቹ ተለውጠው የወንዴ ፍሬ ሴሎችን መሰሉ። አየሽ? ያ እንዲያው ይሆናል የተባለው ነገር፣ ካደጉ በኋላ እንኳ ሳያቋርጥ የሚሠራ ጠባቂ አለው።

እዚህ ሐዋሳ አሞራ ገደል አብረን የበላነው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣም የራሱ ጉድ አለው። ሴቷ እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። በክሮሞዞም ሴት የሆኑ ጫጩቶች ገና ከጅምሩ 36 ዲግሪ ግድም በሞቀ ውሃ ውስጥ ቢያድጉ፣ ብዙዎቹ ወንድ ሆነው ያርፋሉ። ሐይቃችን እንዲህ አይሞቅም፤ ገንዳ ውስጥ በሙከራ የታየ ነው። ሰው ዓሣ አይደለም ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን በሰውም ዋይ ኖሯት፣ ሰውነቷ የወንድ ሆርሞንን ትዕዛዝ ስለማይቀበል፣ ሴት ሆና ተወልዳ የምታድግ አለች። እንዲህ ያለችን ልጅ ጉድ የሚያሰኛት ተፈጥሮ ሳይሆን የሰው አፍ ነው።

አሁን ወደምለምንሽ ነገር ልምጣ። ታናሽ እህቴ ሁለተኛዋን እርግዝና ይዛለች። አማቷ «የአሁኑስ ወንድ ይሁንልን» እያሉ ያስጨንቋታል። እኔ ብናገር የተማረች ነኝ ባይነት ይመስልባቸዋል። አንቺን ግን ይሰሙሻል፤ እኩዮች ናችሁ፣ ማኅበርም አብራችሁ ትጠጣላችሁ። ስለ ዋይ መናገር አይጠበቅብሽም። ያን ቀን ገንፎው ሲበላ ምን እንደተሰማሽ ብቻ ንገሪያቸው። ለእኔም ነግረሽኝ አታውቂም፤ ስመጣ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።

ለመድኃኒትሽ የሚሆን ብር በቴሌብር ልኬልሻለሁ፤ የጎረቤታችን ልጅ ታውጣልሽ። ለፋሲካ እመጣለሁ።

የምትወድሽ የመጀመሪያ ልጅሽ