ጋሼ ቢቆጡም እጽፈዋለሁ

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያች ቀን መንገድ ላይ የደረሰብንን አደጋ ሐዋሳ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ አልደግመውም። የእጅ ኳስ ቡድናችን ልጆች ሁላችንም በሕይወት ተርፈናል። ክፉኛ የተጎዳሁት እኔ ነበርኩ። እኔም ይኸው ድኛለሁ። ክራንቹን በሩ ጥግ አስደግፌ ነው የምጽፍላችሁ።

ብዙዎቻችሁ «ምነው ድምፅሽ ጠፋ?» ብላችሁኛል። ከማን እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ነው። በወጉ ከሐኪሞቹ ነበር የሚጀመረው። እኔ ግን ከጋሼ ልጀምር። ሐኪሞቹም አይቀየሙኝም፤ ዎርዱ ውስጥ ጋሼን የማያውቅ አልነበረም።

ጋሼ ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ያየሁ ቀን ውርድ ከራሴ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። ስለዚህ ጋሼ ብቻ ብዬ ልለፍ። ሐዋሳ ውስጥ የእጅ ኳስ የነካ ሰው ማንን እንደምል ያውቃል። ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ልጁ ሁሉ እግር ኳስ እግር ኳስ በሚልበት ከተማ፣ እኛን ሴቶቹን ሰብስበው ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። የ6 ሜትሩን መስመር በኖራ ያሰምራሉ። ዝናብ ያጥበዋል። በማግስቱ እንደገና ያሰምራሉ። እኔን በረኛ ያደረጉኝ ከሌሎቹ ስለምረዝም ነው። «ከዚህ መስመር ወዲህ መቆም የሚፈቀደው ላንቺ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓይንሽን አትጨፍኚ» አሉኝ። ሌላ ምክር አልሰጡኝም።

ማሊያችን ጥቁርና ነጭ ጭረት የሆነውም በእሳቸው ምክንያት ነው። የሰፈር ጎረምሶች «የሜዳ አህዮች መጡ» ሲሉን እኛ እንናደዳለን። ጋሼ ግን ፊታቸው ይፈካል። ጀርመን አገር፣ ባልቲክ ባሕር ዳር፣ ኪል የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ የእጅ ኳስ ክለብ ቲ ኤች ደብሊው ኪል ይባላል። ጥቁርና ነጭ ጭረት ይለብሳል፤ ቅጽል ስሙም «የሜዳ አህዮቹ» ነው። ጋሼ ወጣት መምህር ሳሉ፣ ለሥልጠና የመጣ አንድ ጀርመናዊ ስለዚህ ክለብ አወራቸው። ከዚያ ወዲህ በቃ ተለከፉ።

ሆስፒታል ከገባሁ በኋላ የመጣው ሰው ሁሉ «አይዞሽ» ይለኝ ነበር። አመሰግናለሁ። ግን አይዞሽ ሲበዛ ያስለቅሳል። ጋሼ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሲመጡ አይዞሽ አላሉኝም። ጃንጥላቸውን አራገፉ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይኸውልሽ፣ ነገሩ የጀመረው በ1904 ነው» አሉ። ዓመተ ምሕረቱ በፈረንጅ ነው፤ ጋሼ ስለ ኪል ሲያወሩ ወደ እኛ አይመልሱትም።

ከዚያ በየምሽቱ ቀጠሉ። ዘበኞቹ «የጥየቃ ሰዓት አልቋል» ብለው እስኪያስወጧቸው ድረስ ያወራሉ። እንደ ተከታታይ ድራማ ሆነብን። በ1904 ሲመሠረት ማኅበሩ የጂምናስቲክ ነበር። እጅ ኳስ የጀመረው በ1923 ነው። «19 ዓመት ኳስ ሳይነኩ ቆይተዋል፤ አንቺ ይህችን ታህል ተኝተሽ ታማርሪያለሽ» አሉኝ። ልስቅ ስል ጎኔን ወጋኝ።

ያኔ እጅ ኳስ ደጅ ላይ፣ እግር ኳስ ሜዳ ውስጥ፣ 11 ለ 11 ነበር የሚጫወቱት። በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ እንኳ እንደዚያው ነበር። አሁን የምንጫወተው 7 ለ 7፣ አዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ኦሊምፒክ የገባው በ1972 ሙኒክ ላይ ነው። ለእኛ ለሴቶቹ ደግሞ በ1976 ተፈቀደ። ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይቆጣሉ። «አራት ዓመት ምን አስጠበቃቸው?» ይላሉ፣ እኛ የከለከልን ይመስል።

አጠገቤ ከይርጋለም የመጡ እናት ተኝተው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ። በመጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚውሉት። ጋሼ ስለ ኪል አዳራሽ ሲያወሩ ዞር አሉ። አዳራሹ በ1951 ሲሠራ ብረቱ የመጣው ዚልት ከምትባል ደሴት ነው። የአውሮፕላን ማቆሚያ የነበረ ብረት ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ አውሮፕላኑ ሄደ፣ ብረቱን ነቅለው ለጨዋታ አደረጉት። እናታችን «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼን ከእኔ ብሰው የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ።

ኪል በ1957፣ በ1962 እና በ1963 የጀርመን የአዳራሽ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ሻምፒዮንነቱ ራቀው። 31 ዓመት። ጋሼ እነዚያን ዓመታት ጎተቷቸው፣ ጎተቷቸው። በየምሽቱ የይርጋለሟ እናት «ዛሬስ ዋንጫውን በሉ?» ይላሉ።

«ገና ነው» ይላሉ ጋሼ።

«ሰዉ ታዲያ ትኬት እየቆረጠ ይገባል?»

«ይገባል እንጂ።»

«ሞኞች!» ይሉና ይተኛሉ። በማግስቱ ግን ጋሼ ገና ወንበር ሳይስቡ ያንኑ ይጠይቃሉ።

ለካ ጋሼ ሆን ብለው ነው። ከሐኪሙ ጋር ተመካክረዋል። እኔ መቆም ፈርቼ ነበር። እግሬ ውስጥ የገባው ብረት የሚሰበር ይመስለኝ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ቢለምነኝ፣ እናቴ ብታለቅስ፣ እንቢ አልኩ። ጋሼ «እሺ፣ አትነሺ። 1994ን ግን ቆመሽ ነው የምትሰሚው» አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ዎርዱ በሙሉ በእኔ ላይ ተነሣብኝ። የይርጋለሟ እናት «አንቺ ልጅ፣ እኔ ሳልሰማው ወደ ቤቴ ልሂድ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

በማግስቱ ቆምኩ። በሁለት ሰው ተደግፌ፣ እየተንቀጠቀጥኩ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ጋሼ በሩ ላይ ደርሰው አዩኝ። ረጅም ወሬ ነበር የጠበቅሁት። «በሉት» ብቻ አሉ። የይርጋለሟ እናት እልልታውን አቀለጡት። ነርሷ እየሮጠች መጥታ «አጥንት ዎርድ ውስጥ ማነው የወለደው?» አለች።

ይቅርታ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልረፍ።

የመድኃኒቱም ነገር አለ። አንዱ መድኃኒት ውጭ ነበር የሚገዛው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ከመዋጮው የተከፈለ መስሎን ነበር። ኋላ ላይ የፋርማሲዋ ልጅ ለእናቴ «ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው የከፈሉት» አለቻት። የጡረታ ብር ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለካ ማታ ማታ በዚያ ዝናብ ለባጃጅ እንኳ ሳያወጡ በእግራቸው ነበር ወደ ቤታቸው የሚሄዱት። ስጠይቃቸው «እኔ ጃንጥላ የለኝም» አሉኝ። ጃንጥላው እጃቸው ላይ ነበር።

ጋሼ ከኪል ታሪክ ሁሉ የሚወዱት የ2012ን ነው። በዚያ የውድድር ዘመን ኪል በቡንደስሊጋው 34 ጨዋታ ተጫውቶ 34ቱንም አሸነፈ። ከ68 ነጥብ 68። በረኛው ፈረንሳዊው ቲየሪ ኦሜየር ነበር፤ እሱን እኔም አደንቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ታሪክ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ብዙም አይጠቅምም። አንዴም ያልተሸነፈ ቡድን ስለ እኔ ምን ያውቃል? እኔን ያቆሙኝ እነዚያ ትኬት እየቆረጡ የገቡት ሞኞች ናቸው።

የ2020ውን ግን ወድጄዋለሁ። በኮሮና ምክንያት የቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ተገፍቶ ተገፍቶ በዲሴምበር 29 ኮሎኝ ላይ ተደረገ፣ ያለ ተመልካች። ኪል ባርሴሎናን 33 ለ 28 አሸነፈ። ጋሼ በስልካቸው አሳዩኝ። ግቡ ላይ ዴንማርካዊው ኒክላስ ላንዲን ነበር። የእጅ ኳስ በረኛ ጓንት አያደርግም። ኳሱ ሥጋ ላይ ነው የሚያርፈው። ላንዲን ኳስ በመለሰ ቁጥር ክንዴን ሲሰማኝ ነበር። ሰው ሕመም ይናፍቀዋል? እኔን ናፈቀኝ።

ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፊዚዮቴራፒስቶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ደም የለገሳችሁልኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የቡድኔ ልጆች፣ እናንተን ምን ልበላችሁ። እናንተም ቆስላችሁ ነው እኔን ያስታመማችሁኝ። የእድራችን አባላት፣ ከአሞራ ገደል የዓሳ ሾርባ የላካችሁልኝ እናቶች፣ ዘመዶቼን ከመናኸሪያ ስታመላልሱ ሒሳብ አንቀበልም ያላችሁ የባጃጅ ልጆች፣ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የጸለያችሁልኝ፣ ተባረኩ።

የአዳማ ልጆች ደግሞ አሉ። የመጨረሻው ጨዋታችን ከእናንተ ጋር ነበር፤ አሸንፋችሁናል፣ እሱን አልረሳሁትም። ያን ሁሉ መንገድ መጥታችሁ ጠየቃችሁኝ። በረኛችሁ የራሷን ረጅም ሱሪ ሰጥታኝ «ስትመለሺ ይህን ለብሰሽ ግቢ» አለችኝ። ሱሪው ያጥረኛል። እለብሰዋለሁ።

እናቴን እዚህ አላመሰግናትም። የእኔና የእሷ ሒሳብ ቤት ውስጥ ነው።

ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ በጣም ብዙ ናችሁ፤ ይቅር በሉኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ በደንብ አላስታውስም፤ መድኃኒቱ ያፈዘኝ ነበር። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት እግሬ አጠገብ ቆመው ሲጸልዩ ትዝ ይለኛል። ማን እንደሆኑ እስካሁን ያወቀ የለም። እርስዎ ከሆኑ ይንገሩኝ። በዚያች ቀን እኛን ከማንሣት ይልቅ ፎቶ ስታነሱ የነበራችሁ ደግሞ፣ ስለ እናንተ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አሁን ደኅና ነኝ። ሐኪሙ መሮጥና መዝለል ገና ነው ብሏል። ልምምድ ላይ ትንንሾቹ 7 ሜትር፣ የእጅ ኳሱን ፍጹም ቅጣት ምት ማለቴ ነው፣ ሲወረውሩ ግብ ላይ እቆማለሁ፣ ያውም ቀስ ብለው እንዲወረውሩ ተነግሯቸው። ባለፈው አንዷ ትእዛዙን አልሰማችም መሰለኝ ባላት ኃይል ለቀቀችው። መለስኩት። ጋሼ ከመስመሩ ውጭ «እጅሽን ዝቅ!» ብለው ጮኹብኝ። መለስኩት እኮ ጋሼ!

ደግሞ 2007ን ዘለውብኛል። «እሱን መዝለል ስትጀምሪ» ብለዋል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። ኪል የመጀመሪያውን የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ የበላው በገዛ ጎረቤቱ በፍሌንስቡርግ ላይ ነው። እዚያ ሄዶ 28 ለ 28 ወጣ፣ ቤቱ 29 ለ 27 አሸነፈ። የይርጋለሟ እናት ደውለው ሲጠይቁኝ ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡ እንዳላነበብኩ ይቁጠሩልኝና ይንገሩኝ።

ሌላው የዕቃ ጉዳይ ነው። ባለቤት ያጡ ሁለት ፔርሙሶች፣ አንድ አረንጓዴ ብርድ ልብስና አንድ የሾርባ ድስት እኛ ቤት አሉ። የባለ አበባው ፔርሙስ ክዳን ተሰንጥቆ እናቴ ቀይራዋለች። ቤታችንን የማታውቁ ሜዳው ጋ ያሉትን ልጆች ጠይቁ፣ ያደርሷችኋል። እሁድ ከሰዓት ከመጣችሁ ቡና አለ።