ፍሬን ላይ እግርሽን አታሳድሪ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽን ጉልበት ታውቂዋለሽ፣ ክረምት ሲቃረብ ይጀምራታል። ላሟ ወልዳለች። ወንድ ነው፣ እናትሽ ትንሽ ቅር ብሏታል።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ጆሮ ላይ አይዘጋም ብዬ ነው የጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እየነዳሽ እንዳይሆን ብቻ።

የስቅለት ዕለት ስትመጪ አጎትሽ አይቶሻል። አልነገረሽም። እሱ እንደሆነ የሰው ነገር አያወጣም። ለኔም የነገረኝ ትናንት ነው፣ ያውም ቡና ላይ አምልጦት። በአውቶቡስ ሲመጣ፣ የአባይ ድልድይ አካባቢ መኪናሽን ዳር አቁመሽ፣ ከፊት ጎማው ጭስ እየወጣ፣ አንቺ በሃይላንድ ውሃ ታፈሺበት ነበር። ሹፌሩን አቁምልኝ ቢለው እንቢ አለው። ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ሆዱ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣው። ከዚያ ቤት ሲገባ አንቺን ሽንኩርት ስትከትፊ አገኘሽ። ዝም አለ።

ደሞ ፋሲካ ዶሮው ላይ ቁጭ ብለን ምን አልሽ? «ሜዳውን በሙሉ ካምቢዮውን ኤስ፣ ስፖርት የሚለው ላይ አድርጌው በረርኩ። አባይ በረሃ ላይ ግን ቁልቁለቱን ስጀምር ሞተሩ ጮኸብኝ፣ እንዳይበላሽ ብዬ ወደ መደበኛው፣ ወደ ዲ መለስኩት።» ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ሳቄ ያናድደኛል። የኔ እናት፣ የገለበጥሽው እኮ ነው! ሜዳ ላይ የማያስፈልግሽን ይዘሽ፣ ቁልቁለት ላይ የሚይዝሽን ለቀቅሽው። ጭሱ የመጣው ከዚያ ነው።

ስሚኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ እግርሽን አታሳድሪ። ይህን ደብዳቤ ብትጥዪው እንኳ ይቺን አትጣያት።

አሁን ስለ ኤሷ ልንገርሽ። መስቀል ጊዜ ከጎንሽ ተቀምጬ ወደ አማኑኤል ስንሄድ ትዝ ይልሻል? በ60 ነበር የምትነጂው። የሞተሩን ዙር የሚያሳየው መርፌ 1500 ላይ ተኝቶ ነበር። «አባዬ ተመልከት» ብለሽ ወደ ኤስ ሳብሽው። መርፌው 3000 ላይ ወጣ። ሞተሩ ጮኸ። ፍጥነቱ ግን ያው 60 ነው። አንቺ ኃይል ጨመረ ብለሽ ደስ አለሽ። አልጨመረም። የሞተርሽ የፈረስ ጉልበት ፋብሪካው የሰጠው ነው፣ ካምቢዮ አጠገብ ያለች ፊደል አትጨምርበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚቀይርልሽ ኮምፒውተር ነው። ዲ ላይ ሲሆን የሚያስበው ስለ ነዳጅ ነው። ቶሎ ቶሎ ወደ ላይኛው ማርሽ ያወጣዋል፣ ሞተሩ በዝግታ እንዲዞር። ኤስ ላይ ሲሆን ይቆያል። ሦስተኛን ይዞ ሞተሩ በደንብ እስኪዞር ይጠብቃል። ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ስትነኪው ቶሎ ማርሽ ይቀንሳል። ፔዳሉም ስስ ይሆናል። በአንዳንዱ መኪና መሪውም ይጠነክራል። በቃ ይኸው ነው። ያለሽን ጉልበት ፈጥኖ ያቀርብልሻል፣ ነዳጅሽን ደሞ ይጠጣልሻል።

አንቺ ማርቆስ ስትደርሺ መኪናዬ ይደክማል ትያለሽ። መኪናሽ ምንም አልሆነም። እኛ ያለነው ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ኤስ አየር አያወፍርም።

ታዲያ የት ይጠቅማል? አንደኛ፣ ስትቀድሚ። ሲኖትራክ ፊትሽ ሲንፏቀቅ፣ ከመስመርሽ ሳትወጪ ገና ኤስ አድርጊው። ከወጣሽ በኋላ እጅሽን ወደ ካምቢዮ አትስደጂ። ሁለተኛ፣ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጪ። ዲ ላይ ከሆነ ማርሹ አራት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሦስት እያለ ሲዋዥቅ ነው የሚወጣው። የካምቢዮው ዘይት ይግላል። ኤስ ላይ አንዱን ይዞ ይወጣልሻል። ዝናብ ላይ ግን አትሞክሪው። ፔዳሉ ስስ ስለሚሆን ጎማው ይንሸራተታል፣ የኛን ክረምት ደሞ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ መንገድ ሲዘጋጋ ኤስ ማድረግ ብር ማቃጠል ነው።

ቁልቁለቱ ነው ዋናው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ከ1300 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርጂዋለሽ። ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው አንድ ነገር መኖር አለበት። ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ ፍሬኑ። ዲ ላይ ከተውሽው ኮምፒውተሩ ነዳጅ ካልሰጠሽ «ደላት» ብሎ ላይኛውን ማርሽ ያስገባል። መኪናው ይለቀቃል። አንቺ ፍሬን ትረግጫለሽ። የፍሬኑ ሸራ ይግላል። የፍሬኑ ዘይት ይፈላል። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ጥጥ ይገባልሻል፣ የሚይዝ ነገር የለም።

የአያትሽን በቅሎ አስታውሺ። ሜዳ ላይ ሰፊ ሰፊ ትረግጣለች። ቁልቁለት ስትጀምር አጭር አጭር ነው። ማንም አላስተማራትም። ዝቅተኛ ማርሽ ማለት እሱ ነው።

እኛ ሾፌሮች «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» እንባባል ነበር። ያንቺ መኪና ከኤስ ጎን መደመርና መቀነስ አለው። ፍልቅልቅ ሳትደርሺ፣ ገና ከላይ፣ ወደ መቀነሱ ሳቢው። ሦስተኛ። ከፈጠነብሽ ሁለተኛ። ኤስ ብቻውን አይበቃም፣ ቁጥሩን እይው። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ! እየያዘሽ ነው። መርፌው ቀዩ ጋ እስካልደረሰ ድረስ ምንም አይሆንም። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገሽ ትረግጫለሽ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ትለቂዋለሽ። አየር ያግኝ። ልስልስ አድርገሽ ኪሎ ሜትር ሙሉ አትያዢው። እግርሽን አታሳድሪበት።

የመኪናሽ መጽሐፍ በዓረብኛ ነው ብለሽ ስቀሻል። ዓረብኛ የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ ሞልቷል። አስነብቢው። መኪና ሁሉ አንድ አይደለም፣ የአንዱ ኤስ ከሌላው ኤስ ይለያል። የጎረቤታችን ልጅ ደሞ ኤሌክትሪክ ገዝቷል፣ እሱም ስፖርት የሚል አለው። ማርሽ የሚቀያየርበት ካምቢዮ እንኳ የለውም! ስፖርቱ በአብዛኛው ፔዳሉን ስስ ከማድረግ ብዙ አያልፍም።

ውሃውን ነገር ደሞ ሁለተኛ እንዳልሰማ። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ስታፈሺ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሲሸት፣ ጥግ የያዘ ደልዳላ ቦታ ፈልጊና ቁሚ። ፒ አድርጊ። ጎማው ስር ድንጋይ አድርጊ። ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። ጦጣዎቹን እዪ። መስኮት ግን አትክፈቺላቸው።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር ያሰብኩት። እናትሽ ግን «ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ» አለች። የአጎትሽን እግር ነው።

ልጆች ሆናችሁ አካሄዱን እየቀዳችሁ ግቢ ውስጥ ትዞሩ ነበር። እሱ ይስቅላችኋል። አንድ ቀን እኔ ቀበቶዬን ፈትቼ ገረፍኳችሁ። እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። ታናሽ ወንድምሽ ሱሪው ላይ ሸና። ለምን እንደተቆጣሁ ማንም አልገባው። ዋርካ ላይ ወጥቶ ወድቆ ነው ብለናችሁ ነበር። ውሸት ነው። ውሸቱን የፈጠረው እራሱ ነው፣ ለኔ ብሎ።

ጥር 1978 ነው። ከቢቸና ነጭ ጤፍ ጭነን ወደ አዲስ አበባ እንሄዳለን። ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ነበር የምነዳው፣ የሰው ነው። እሱ 17 ዓመቱ ነው፣ ተማሪ። ረዳቴ ስለታመመ «ና አዲስ አበባን ላሳይህ» ብዬ ይዤው ወጣሁ። ለእናታችን እኔ ነኝ የማልኩላት። ከደጀን የተነሳነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር ማርሹን ወደ ዜሮ አወጣሁት። ናፍጣ ለመቆጠብ። የተረፈችውን በጀሪካን እሸጣት ነበር። ሁሉም ያደርገዋል እል ነበር፣ እውነትም ብዙዎች ያደርጉት ነበር።

ዜሮ ላይ ሲሆን ደስ ይላል። ሞተሩ ዝም ይላል። ንፋሱ ብቻ ነው የሚሰማሽ። ወንድሜ ራሱን በመስኮት አውጥቶ ይዘፍን ነበር።

ኩራር አካባቢ ስንደርስ ሸራው ሸተተኝ። ፍሬን ብረግጥ ገባ፣ ገባ፣ ወለሉ ጋ ደረሰ። ማርሽ ላስገባ ብል ጥርሱ ይፋጫል እንጂ አይገባም። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። መኪናውን ወደ ተራራው ጎን አስጠግቼ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር አፋተግኩት። ቆርቆሮው እየተላጠ ቀነሰ። የሰው እርምጃ ያህል ሲቀረው አልቆም አለ። መታጠፊያው ደሞ ፊታችን ነው። «ታኮ ይዘህ ዝለል!» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ልጁ ጠየቀ? አልጠየቀም። ዘለለ። ታኮውን፣ የጎማ ማቆሚያ እንጨቱን፣ ከኋላ ጎማው ስር ከተተው። ጎማው ታኮው ላይ ወጣ፣ ተንሸራተተ፣ እግሩን ያዘው። እዚያ ላይ ቆመ።

ጤፉ አልፈሰሰም። አንድ ጆንያ እንኳ አልተቀደደም።

በኋላ አሰላሁት። የዚያን ቀን የምትተርፈኝ ናፍጣ ሁለት ጀሪካን አትሞላም ነበር። እሱ ትምህርቱን አልጨረሰም። ሐኪም ቤት ተኝቶ ለእናታችን ምን እንደምንላት ሲያስብ ዋርካውን ያገኘው እሱ ነው። 17 ዓመቱ ነው እኮ።

እንዳትሞኚ፣ ዛሬም ዜሮ አድርገው የሚወርዱ አሉ። አውቶማቲኩን ኤን አድርገው። የዛሬ ሞተር ማርሽ ላይ ሆኖ፣ እግርሽን ከነዳጅ ስታነሺ፣ ቁልቁለት ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ያቋርጠዋል። ጎማው ነው የሚያዞረው። ኤን ላይ ስታደርጊው ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ቆጠብኩ የሚለው ሰው እየከሰረ ነው የሚወርደው። ይህን ከዓመታት በኋላ አንድ መካኒክ ሲነግረኝ ጋራዡ ውስጥ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አልኩ።

የስቅለት ዕለት አጎትሽ በአውቶቡሱ መስኮት ምን እንዳየ አሁን ገባሽ? ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ «ደህና ገባሽ?» ብሎ ግንባርሽን ሳመሽ።

እና አደራ። ቁልቁለት ላይ እግርሽን ፍሬን ላይ አታሳድሪ። በዚህ ሳምንት የፍሬን ዘይቱን አስቀይሪ፣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ አንቺ ከገዛሽው ጀምሮ አልነካሽውም። ዲስኩን አስፈትሺ። ለሐምሌ ስትመጪ መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውለሽ ጠይቂ። ከመሸ በረሃውን አትግቢ፣ ጎሐ ጽዮን እደሪ። ገንዘብ ካነሰሽ ንገሪኝ፣ አትኩሪ።

ዕቃ ልከንልሻል። በርበሬ፣ ማር፣ ሽሮ። ማሩን ቀጥ አድርገሽ አስቀምጪው። ከበርበሬው ጆንያ ስር በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ታገኛለሽ። እናትሽ የበርበሬ መደለቂያ መስሏት ነበር። ታኮ ነው። ወይራ ነው። አጎትሽ ሦስት ቀን ሙሉ ደጅ ቁጭ ብሎ ጠረበው። ሁለት ናቸው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ አድርጊያቸው፣ ከትርፍ ጎማው ጎን። ስትደውዪለት ስለ እግሩ አታንሺበት። ታኮው ደረሰኝ በዪው።

አባትሽ