ዝም አይነቅዝም ያልኩሽን ተይው

ልጄ፣

በአንድ ቤት እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅሽ ይችላል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ በርሽን ዘግተሽ «ራሴን አሞኛል» ትያለሽ፤ እኔም በሩ ጋ ቆም እልና የምናገረው ጠፍቶኝ ወደ ሳሎን እመለሳለሁ። እንደምታውቂኝ ደግሞ በአፌ ከጀመርኩ ቶሎ እቆጣለሁ። መጨረሻው «እኔ አላልኩሽም ነበር?» ይሆናል። ያ ደግሞ ውሸት ነው። እኔ ያልኩሽ ሌላ ነበር። ለዚህ ነው በቴሌግራም የምጽፍልሽ። ጣቴ ወፍራም ነውና ፊደል ብስት እለፊኝ።

ነገሩን ከእናትሽ ሰማሁ። የ6 ወር ኮንትራት ነበረሽ። አራተኛው ወር ሊያልቅ 9 ቀን ሲቀረው «በበጀት ምክንያት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ውልሽ ተቋርጧል» ብለው በኢሜይል ላኩልሽ። ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ያንቺኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ያንቺው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ላንቺ ያለቀው በጀት ለእሱ ከየት እንደመጣ እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ።

ሥራ የጀመርሽ ቀን ትዝ ይለኛል። ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ በሰዓቱ ለመድረስ ገና ሳይነጋ 11 ሰዓት ላይ ተነሣሽ። እስከ ታክሲ ሰልፉ ሸኘሁሽ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ አንቺ ግን በደስታ አልበረደሽም። እዚያ ቆመን ነው «አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ፣ ሰው ነገር ውስጥ አትግቢ፣ ዝም አይነቅዝም» ያልኩሽ። አንቺም አንድ ሳታጎድይ ፈጸምሽው። ሰው ሻይ ሲወጣ ኮምፒውተርሽ ላይ ቀረሽ። ሌሊቱን የጨረስሽውን ሪፖርት ሌላው በስሙ ሲያቀርበው ዝም አልሽ። ስብሰባ ሳይጠሩሽ ሲቀሩ ረስተውኝ ነው አልሽ። ከቡድኑ ቴሌግራም ሲያወጡሽ እንኳን ኔትወርክ መስሎሽ ስልክሽን አጥፍተሽ አበራሽ። ይቺን እናትሽ ስትነግረኝ ወጥቼ ሰገነት ላይ ቆምኩ።

ዝም ይነቅዛል፣ ልጄ። እኔ ራሴ ነቅዞብኝ አይቼዋለሁ። ስላፈርኩ ነው ያልነገርኩሽ።

2000 ዓ.ም. አካባቢ፣ አንቺ ገና ትንሽ ልጅ ሳለሽ፣ አንድ ሳይት ላይ ልስን በካሬ ይዤ ነበር። አብረውኝ የሚሠሩ ስምንት ልጆች አሉኝ፣ የቀን ሂሳባቸውን የምከፍለው እኔ ነኝ። ሥራውን የሰጠኝ ፎርማኑ ነው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ከእሱ ጋር ሁሉ ነገር በቃል ነው የሚያልቀው። ሦስት ፎቅ ለሰንኩ። ከዚያ አዲስ መሐንዲስ መጣና ከፎርማኑ ጋር አልተስማሙም። በምን እንደተጣሉ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈለግሁም፣ «የእኔ ሥራ ልስን ነው» እል ነበር። ፎርማኑ ሲነሣ ግን እኔ በአንድ ሌሊት «የፎርማኑ ሰው» ሆኜ አደርኩ። ጠዋት ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ። መዶሻና ማንኪያችንን እንኳን ለማውጣት ግማሽ ቀን ለመንን።

ከሁሉ የቆጨኝ ምን መሰለሽ? አልተለካልኝም። የሳይቱ ሥራ በሚመዘገብበት ደብተር፣ ሳይት ቡክ ላይ፣ ስለ እኔ ሥራ አንድ መስመር አልተጻፈም። ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ አዲሱ መሐንዲስ ረጋ ብሎ «የትኛውን ነው ያንተ የምትለው?» አለኝ። ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ልስኑ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ለልጆቹ ሂሳብ የእናትሽን የአንገት ሐብል ሸጥን። በዓል ላይ «ሐብልሽስ?» ስትባል ጠፋብኝ የምትለው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይት ቡክ ላይ ሳላስፈርም አንድ ባልዲ ሲሚንቶ አላቦካሁም። ለሠራተኞቼም አስተማርኩ። ለገዛ ልጄ ግን ቢሮ ሌላ ዓለም መሰለኝና ዝም አይነቅዝም ብዬ ላክሁሽ። ቢሮ ማለት ንጹሕ ሰዎች፣ ንጹሕ ወለል፣ ደብዳቤ በቁጥር የሚወጣበት ቦታ ነው ብዬ ነበር። ለካ ያው ነው። አቧራው ብቻ ነው የሌለው።

አንቺ ጋ የሆነውን እንደገባኝ ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ ታርሚኛለሽ። የቀጠረችሽ ኃላፊና ምክትሏ ከመጀመሪያውም አይዋደዱም። አንቺ የማንም አይደለሁም ብለሽ ሥራሽን ያዝሽ። ግን ኮንትራት ሠራተኛ የማንም ያልሆነ መሆን አይችልም፤ ያመጣው ሰው ሰው ነው። ኃላፊዋ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር ቋሚዎቹ ወንበር አላቸው፣ ማኅበር አላቸው፣ የዓመታት ጓደኛ አላቸው። አንቺ ያለሽ የ6 ወር ወረቀት ነው። ምክትሉ እሷን መንካት ስላልቻለ አንቺን ነካ። በሥራሽ ተናድዶ እንዳይመስልሽ። ሥራሽን ያየውም አይመስለኝም።

ይሄን የምልሽ እንድትጽናኚ ብቻ አይደለም። «ጎበዝ ብሆን ኖሮ አያባርሩኝም ነበር» እያልሽ ለእናትሽ እንዳለቀስሽ ሰምቻለሁ። ጎበዝነት በዚህ አይለካም። ጎበዝ መሆንሽን የሚያውቅ ሰው ስንት ነበር? አንድ። እሷም ሄደች። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው፣ ጉድለቱም ከእኔ ምክር የመጣ ነው።

ወሬ አመላልሺ፣ ከአንዱ ጋር ተጠግተሽ ሌላውን ብዪ እያልኩሽ አይደለም። እንደዚያ የሚያድር ሰው አይቻለሁ፣ ዕድሜው አጭር ነው። ግን ሻዩን ጠጪ። ጸሐፊዋን ስለ ልጆቿ ጠይቂ። ፋይናንስ ያለችውን ልጅ የምትሄጂው ክፍያ ሲዘገይ ብቻ አይሁን። አለቃ በቃል ሲያዝሽ ወደ ቦታሽ ተመልሰሽ «ዛሬ በተነጋገርነው መሠረት ይሄን እስከ ዓርብ አደርሳለሁ» ብለሽ ሁለት መስመር ላኪ፣ ሌላ አንድ ሰው ግልባጭ ይድረሰው። የጨረስሽውን ሁሉ ስምሽና ቀኑ ያለበት አድርገሽ አስረክቢ። ያ ነው ሳይት ቡክሽ። የድሮ አባትሽ ይሄን «ራስን ማስተዋወቅ» ብሎ ይንቀው ነበር።

አሁን ስለዚያ ረጅም ጽሑፍ። ለሠራተኛው ሁሉ ልትልኪ ያዘጋጀሽውን ማለቴ ነው። እናትሽ አሳየችኝ፣ ሁለታችንም አጥፍተናል፣ ይቅር በይን። አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው፣ አጻጻፍሽም አንጀት ይበላል። አትላኪው። የሚያዝንልሽ አንድ ቀን ያዝንልሽና ምሳውን ይበላል። ምክትሉ ግን ቅጂውን አስቀምጦ አዲስ ቀጣሪ ደውሎ ሲጠይቀው «እንዲህ ዓይነት ሰው ናት» ይልበታል። ንዴትሽን ለእኔ አምጪው፣ ጩኺብኝ፣ ሳህን ስበሪ። ለእነሱ ወረቀት ነው የምንልከው።

ወረቀቱን በተመለከተ ትናንት ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ጠበቃ በደረጃ ላይ አግኝቼ እዚያው አቆምኩት። ስምሽን አልጠራሁም፣ «የዘመድ ልጅ» ነው ያልኩት፣ እሱም ገብቶታል መሰለኝ። መጀመሪያ የሚታየው ምን ዓይነት ሠራተኛ እንደነበርሽ ነው አለ። ውሉ ላይ «ኮንትራት» ስለተባለ ብቻ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውጭ ነሽ ማለት አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰነ ጊዜ ውል ያለውንም ሠራተኛ ይሸፍናል። ዋናው ጥያቄ በእነሱ አመራር ሥር ሆነሽ ለደመወዝ ትሠሪ ነበር ወይስ የራስሽን ንግድ የምትሠሪ ሰው ነበርሽ የሚለው ነው። 2 ሰዓት ተኩል ግቢ ይሉሽ ነበር? ፈቃድ ትጠይቂ ነበር? በእነሱ ኮምፒውተር ነበር የምትሠሪው? ከክፍያሽ የጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር ወይስ በንግድ ፈቃድሽ ደረሰኝ ቆርጠሽ ነበር የምትቀበይው? እነዚህን ዛሬ ማታ ጻፊልኝ።

ሠራተኛ ከሆንሽ ውልሽን ያለ በቂ ምክንያት ከጊዜው በፊት ማቋረጥ አይችሉም፤ «በጀት» ብሎ በማግስቱ ሌላ ሰው መተካት ደግሞ ምክንያቱን ራሱ ያፈርሰዋል። ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝሽንና ሌላውን ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። ካዘገዩ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባቸው ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም በነጻ ይሰጡሻል፤ ምን እንደሠራሽ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራሽ፣ ስንት ይከፈልሽ እንደነበር የሚገልጽ። ይሄ የቸርነት ጉዳይ አይደለም፣ ግዴታቸው ነው። እባክሽ እንደ ልመና አትጠይቂው።

ሠራተኛ ሳትሆኚ ራስሽን የቻልሽ ባለሙያ ነሽ ከተባለ ደግሞ የሚገዛን ውሉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ያንቺ ውል ለማቋረጥ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይላል ብላኛለች እናትሽ። እነሱ የሰጡሽ 9 ቀን ነው። ቀሪው 21 ቀን የት ገባ? ጥያቄያችን ይሄው ነው። ስድብ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም፣ ሂሳብ ነው።

ጊዜውን ግን አትናቂው። ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት 3 ወር፣ ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር ነው ያለው፣ ከዚያ በይርጋ ይታገዳል። እኔ በሦስቱ ፎቅ ልስን ጊዜ ይርጋ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ እንከሳለን ማለት አይደለም። መጀመሪያ አጭር ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠው፣ ቅጂው እጅሽ ይቅር። ብዙ ጊዜ ቁጥር ያለው ወረቀት ሲያዩ ይከፍላሉ። ካልከፈሉ እንነጋገራለን። መመለሱን እንደማትፈልጊ አውቃለሁ፣ እኔም አልፈልግልሽም።

የድሮዋ ኃላፊሽን ደግሞ አትቀየሚያት። እሷም ተገፍታ ነው የወጣችው። ደውይላት፣ ስለ ሥራሽ ሁለት መስመር እንድትጽፍልሽ ጠይቂ። ካልጻፈችም ጠይቀሻል።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እድር ላይ «ልጄ ትልቅ ድርጅት ገባች» ብዬ ያላወራሁለት ሰው የለም። ባለፈው እሑድ አንዱ «እንዴት ናት?» ሲለኝ «ሥራ በዝቶባታል» አልኩት። ቤት ስገባ ራሴን ታዘብኩት። ለካ እኔም በር ዘግቼ ነው የሰነበትኩት። የሚቀጥለው እሑድ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ደግሞም ከእነሱ መካከል ሰው የሚፈልግ ቢሮ የሚያውቅ አይጠፋም።

ስለ ገንዘብ አታስቢ። የወንድምሽን የዚህን ወር ክፍያ እኔ ከፍያለሁ። ዕቁቡን ለጊዜው እናትሽ ትጥልልሻለች፣ ሥራ ስትይዢ ከወለድ ጋር እቀበላለሁ ብላለች፣ እንደምታውቂያት አትቀልድም።

ሰኞ ጠዋት አብረን እንወርዳለን። ውሉን፣ ያንን ኢሜይል፣ የባንክ ሒሳብሽን መግለጫ ኮፒ አድርጊና ሰማያዊው ክላሴር ውስጥ አስቀምጪ። እኔ ውጭ ሻይ ቤት እቆያለሁ፣ ቢሮው አልገባም፣ አላሳፍርሽም። ያንን የሠርግ ኮቴንም አልለብስም።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፣ እንጀራው መሶቡ ውስጥ አለ። ዛሬ ሌሊት የውሃ ተራችን ነው። ጀሪካኖቹን እኔ እሞላለሁ፣ ሲንኳኳ ሰምተሽ እንዳትነሺ።

አባትሽ