ለልጄ፦ ስለ ዳማ

ጅማ፣ ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ እናትህም ማስጫውን እያስጠረገች ነው።

ባለፈው «ውሻችንን ዳማን መቼ ነው ወደ አደን የምንወስዳት?» ብለህ ስትጠይቀኝ ስልኩ ተቋረጠ። መልሱ አጭር ነው፤ ዘንድሮ አይሆንም። ገና ስድስት ወሯ ነው። የአያትህ ውሾች ከርከሮ ያሳድዱ ነበር፤ ይህቺ ከዚያ ወገን አይደለችም፤ ጎልደን (ወርቃማ) ሪትሪቨር ናት። ሪትሪቨር ማለት መልሶ አምጪ ማለት ነው። የወርቃማዎቹ ዘር የተጀመረው በስኮትላንድ ሲሆን፣ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባሉ ባላባት በፈረንጆች 1868 ቢጫ ውሻቸውን ከውኃ ውሻ ጋር አዳቀሉ። የእነዚህ ውሾች ሥራ አዳኙ የመታውን ወፍ ከሣርና ከውኃ ውስጥ ፈልጎ፣ ሳይጨፈልቅ እጁ ላይ ማስረከብ ነው። እስኪተኮስና እስኪታዘዝ ድረስ ቁጭ ብሎ የማይጠብቅ ውሻ ለዚህ አይሆንም። ደግሞም ቆቅም ሆነ ጅግራ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ወደ ቦዬ ረግረግ የምወስዳት ወፍ አይታ ዝም ማለትን እንድትለምድ ብቻ ነው።

መታዘዝን ማስተማር የጀመርኩት ግን ስለ አደን ብዬ አይደለም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ሐጂ ውዱእ አድርገው ለመግሪብ ሲወጡ፣ በሩን ክፍት ትቼው ኖሮ፣ ዳማ ዘልላ ነጭ ጀለቢያቸውን ላሰችው። ተመልሰው ገብተው ልብሳቸውን ቀየሩ። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝምታቸው ነው የከበደኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የውጭው በር ሲንቋቋ ዳማ ቁጭ ትላለች። ያስተማርኳት በቁራሽ ሥጋ ነው። ሥጋውን ከአፍንጫዋ በላይ ይዤ ቀስ እያልኩ ወደ ጀርባዋ ስወስደው፣ በዓይኗ ልትከተለው ስትል ቂጧ በራሱ መሬት ይነካል፤ ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ «ቁጭ» እላለሁ። እናትህ «ቁጭ፣ ቁጭ፣ ኧረ ቁጭ በይ!» እያለች ስለምትደጋግምላት ዳማ ሦስተኛውን መጠበቅ ለምዳ ነበር። ይህን ለማስተው ያየሁትን ፍዳ አልነግርህም።

አንተም ብትሆን ከጥፋቱ ነጻ አይደለህም። በክረምቱ እዚህ ሳለህ ጫማህን ነጥቃ ስትሮጥ ግቢውን ሙሉ አባረርካት። እርሷ ጨዋታ መሰላት፤ ከዚያ በኋላ ያነሳችውን ሁሉ ይዛ መሸሽ ጀመረች። አሁን ስትሸሽ አልከተላትም፤ ዞር ብዬ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስሮጥ እርሷው ትከተለኛለች። አምጪ የሚለውንም በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው የማስተምራት፤ በጀርባዋ በኩል ዝግ ስለሆነ ያነሳችውን ይዛ ወደ እኔ ከመምጣት በቀር መንገድ የላትም። የምወረውረው የጆንያ ጥቅል ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ከታረደው ዶሮ ላባ አስሬበታለሁ። ሦስት ጊዜ ወርውሬ፣ ገና «ድገምልኝ» እያለች ሳለ አቆማለሁ። ከእርሷ ጋር ጉተታ እንዳትጫወት፤ ጥቅሉን ነክሳ መቦጨቅ ከለመደች ወፉንም እንደዚያው ነው የምታደርገው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። በቡሄ ልጆቹ ጅራፍ ሲያስጮኹ ብሰማ «ይህማ የጠመንጃ ድምፅ ማስለመጃ ነው» ብዬ በኩራት ይዣት ወጣሁ። አንዱ ልጅ አጠገባችን አጮኸው። ገመዱን ከእጄ አስለቅቃ አልጋ ሥር ገባች፤ እስከ ማታ ምግብም አልቀመሰች። ጠመንጃ የፈራ ውሻ ብዙውን ጊዜ ለአደን እንደማይበጅ እያወቅሁ ነው ይህን ያደረግሁት። ያንኑ ልጅ ለምኜ፣ እርሷ እየበላች እርሱ ከሜዳው ማዶ እንዲያጮህ አደረግሁ። ጅራቷን አያለሁ፤ ካልወረደ በሁለት ሦስት ቀን አሥር እርምጃ ያህል እናቀርበዋለን፣ ከወረደ እናርቀዋለን። ከወር በላይ ፈጀብን። አሁን ጅራፍ ሲጮኽ ወደ ምግብ ሳህኗ ነው የምትሮጠው። ለጠመንጃው ድምፅ ግን ገና ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በሦስት ወሯ ወስዳለች፤ በዓመቱ ይደገማል። ለገና ስትመጣ ፊሽካ ይዘህልኝ ና፣ የእኔው ፍሬው ወድቆበት መጮኽ ትቷል። አንድ ረጅም ፊሽካ «ቁጭ» ነው፤ አጫጭሩ ተደጋግሞ ሲነፋ «ነይ» ነው። እንዳታቀላቅልብኝ።

ትናንት ጥቅሉን አምጥታ እጄ ላይ ስታስቀምጥ ላባው ውስጥ አንዲት ነጭ ነገር ተሰክታ አገኘሁ፤ የወተት ጥርሷ ናት። ልጥላት ስል እናትህ ተቀበለችኝና፣ ድሮ የአንተን እንዳደረገችው፣ ጣሪያው ላይ ወረወረቻት።

አባትህ