ስለ "አውስትራሊያ" ፊልም እኔም ልናገር

ሰላም አዘጋጅ፣ ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የዳይሬክተር ባዝ ሉህርማንን "አውስትራሊያ" እንደገና አየነውና ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። ግማሹ ረዘመብን አለ፣ እውነት ነው 165 ደቂቃ ቀልድ አይደለም፣ የሚነዱት 1,500 ከብት ሰሜን አውስትራሊያ ያለችው ዳርዊን ከተማ ሲደርስ አለቀ ብለን ልንነሳ ስንል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ነው ለካ! ኒኮል ኪድማንም መጀመሪያ ላይ ትንሽ ታበዛዋለች፣ ሂው ጃክማን ግን ይሁን፣ እሱን ማንም አልነካብንም።

እኔን የያዘኝ ልጁ ነው፣ ናላ። ፖሊስ ሲመጣ እናቱ ይዛው ውሃ ታንከር ውስጥ ትደበቃለች፣ እሱ ይወጣል፣ እሷ እዛው ሰጥማ ትቀራለች። ከአቦሪጂኖች (ከአገሬው ተወላጆች) እና ከነጮች የተወለዱ ክልስ ልጆችን ከእናታቸው መንጠቅ እኮ የመንግስት ስራ ነበር፣ የወቅቱ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት ፊልሙ በወጣበት ዓመት ነው፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 እ.ኤ.አ.። ይሄን ትቶ ስለ ፍቅሩ ብቻ የሚያወራ ሰው ይገርመኛል።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ጃፓኖች ዳርዊንን የደበደቡት ከአየር ነው፣ ፊልሙ ግን የጃፓን ወታደር ደሴት ላይ ያወርዳል፣ ያ ከየት መጣ?